አቃቤ ሰዓቱ ለምን ዝም አለ?

ቤታችሁ ውስጥ ረጅም የቁም ሰዓት ካለና ፔንዱለሙ እየተወዛወዘ፣ ጠቋሚዎቹም እየዞሩ፣ መደወሉን ብቻ ካቆመ፣ ጀርባውን ከመፍታታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። እኔ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ለሚያውቅ ሰው ግን ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ሰዓት ሠሪ አይደለሁም። ስለዚህ የምጽፈው በገዛ እጄ ያበላሸሁትንና በገዛ እጄ ያስተካከልኩትን ብቻ ነው።

ሰዓቱ የአባቴ ነው። በ1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ይመለስ የነበረ አንድ የጀርመን ቤተሰብ ዕቃውን ሲሸጥ ገዙት። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ሦስት የነሐስ ክብደቶች በሰንሰለት ተንጠልጥለውበታል፤ በየሩብ ሰዓቱ ያዜማል፤ ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ዜማውን ጨርሶ ይቆጥራል። አባቴ በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቆጥረዋልና ስም ሳያወጡለት አልቀሩም፤ «አቃቤ ሰዓት» አሉት። ድሮ በነገሥታቱ ግቢ የነበረ የካህን ማዕረግ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቁርስ እንኳ ሳይቀምሱ፣ ሦስቱንም ሰንሰለት ጎትተው ይሞሉታል። አንዴ ከተሞላ ስምንት ቀን ይሄዳል።

ጠቋሚዎቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንደነበሩ ተዋቸው። «እንግዳ ነው፣ በአገሩ ይቁጠር» ይሉ ነበር። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲመታ እኛ ልጆቹ ስድስት እየቀነስን አደግን። ይህቺ ነገር ኋላ መዘዝ ታመጣለችና ያዙልኝ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አባቴና እናቴ ጠቅልለው ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ የአባቴን ዓይን ግላኮማ ጎድቶታል። የሰው ጥላ ይለያሉ እንጂ የሰዓት ጠቋሚ አይታያቸውም። ሰዓት የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። ስለዚህ የአቃቤ ሰዓት መናገር አለመናገር ለእኛ ቤት የጌጥ ጉዳይ አልነበረም።

ዕቃው በአይሱዙ ሲጫን ሰዓቱን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ፔንዱለሙን አወለቅኩ፤ ይህ ግዴታ ነው፤ ፔንዱለሙ የሚንጠለጠልባት ስስ ብረት በመንገድ ላይ ትቆረጣለች። ክብደቶቹን አውርጄ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩ። ከጀርባ ያሉት መዶሻዎች እንዳይንቀጠቀጡም በነጠላ ቅዳጅ ጥፍር አድርጌ አሰርኳቸው፤ በብልሃቴም ተደሰትኩ። ከጎሐ ጽዮን ወርደን ደጀን እስክንወጣ ድረስ የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ሲያናውጠን፣ ያ ጥብቅ ቋጠሮ የመዶሻዎቹን ቀጫጭን ሽቦዎች እየጎተተ ሲያጣምም መሄዱን ማን ነገረኝ?

ደብረ ማርቆስ ደርሰን ሰዓቱን ሳሎን አቆምነው። ወለሉ ጣውላ ነው፤ በአንድ በኩል ዘመም ይላልና ከእግሩ ሥር ስስ እንጨት ሸጎጥኩ። የፔንዱለሙ ምት ግራና ቀኝ እኩል ካልተሰማ ሰዓቱ ጥቂት ሄዶ ይቆማል፤ እኩል እስኪሰማኝ ድረስ አስተካከልኩ። ክብደቶቹን መጀመሪያ አቀያይሬ ሰቅያቸው ነበር። መልካቸው አንድ ስለሆነ ልዩነት ያላቸው አይመስልም፤ ግን ሥራቸው ለየቅል ነው። መካከለኛው ጊዜውን ያስኬዳል፣ የግራው ሰዓት ይቆጥራል፣ የቀኙ ዜማውን ያዜማል፤ ዜማው ብዙ ጉልበት ስለሚፈልግ በብዙ ሰዓቶች ላይ የቀኙ ይከብዳል። ግርጌያቸው ላይ የተቀረጸ ፊደል ካለ የግራና የቀኙን ይነግራችኋል። ከሌለ በኩሽና ሚዛን መዝኗቸው።

ሰዓቱ ሄደ። ሩብ ሆነ፣ ዝም። ግማሽ ሆነ፣ ዝም። ሰዓት ሞላ፣ ያው ዝም።

ከዚያ ምክሩ ጎረፈ። ጎረቤቱ ሁሉ መድኃኒቱን ያውቀዋል፤ መድኃኒቱም ዘይት ነው። አንዱ የኑግ ዘይት ይላል፣ ሌላው የሞተር። እኔም እጄ ላይ የሲንጀር ዘይት ስላለ ጣቴን በልቶኝ ነበር። እባካችሁ አታድርጉት። የምግብ ዘይት ይረጋል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ከዓመት በኋላ ሙጫ ይሆናል። የሰዓት ዘይት ራሱን የቻለ ነው፤ የሚገባውም የዘንጎቹ ጫፍ በሚዞርበት ቀዳዳ ላይ በመርፌ ጫፍ የምትያዝ ጠብታ ያህል ብቻ ነው። ጥርሶቹ ደረቅ ሆነው ነው የሚሠሩት።

በመጨረሻ ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ የክንድ ሰዓት የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ሳስረዳቸው ማጉያ መነጽራቸውን ከዓይናቸው ሳያወርዱ፣ «ወንድምዓለም፣ እኔ የማውቀው የክንዱን ነው፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ክብደቱ ይወርዳል?» አሉኝ።

«የትኛው አያ?»

«እሱን ነዋ የምጠይቅህ።»

ሌላ አልጨመሩም፣ ሳንቲምም አልተቀበሉኝም። በሦስቱ ሳምንት ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ የጠቀመኝ ግን ይኼ ነው። ቤት ገብቼ በልብስ ጠመኔ፣ ከሦስቱ ክብደቶች ጀርባ ባለው ሳንቃ ላይ፣ እያንዳንዳቸው ያሉበትን ከፍታ አሰመርኩ። በማግስቱ ሳይ መካከለኛው ከመስመሩ አንድ ስንዝር ያህል ወርዷል። የግራውና የቀኙ ግን እዚያው ናቸው።

ትርጉሙ እንዲህ ነው። ክብደቱ እየወረደ ድምፅ ከሌለ፣ ማሽኑ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ችግሩ ያለው መዶሻዎቹ ጋ ነው። ክብደቱ ካልወረደ ግን ማሽኑን የያዘው ነገር አለ። ሁለቱ ማለትም የግራውና የቀኙ አብረው ከቆሙ ደግሞ ሁለት ብልሽት አትፈልጉ። እንዲህ ባሉ ባለሦስት ክብደት ሰዓቶች ቆጠራውን የሚለቀው ዜማው ነው። ዜማው አራተኛውን ሩብ ሳይጨርስ የግራው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከቀኙ ጀምሩ። ዜማው እየተሰማ ቆጠራው ብቻ ከጠፋ ነው ወደ ግራው የምትሄዱት።

የያዘው ነገር ምን ነበር? በሰዓቱ ፊት ላይ፣ ሦስት ቁጥር አጠገብ፣ ትንሽ መቀየሪያ አለች። ብዙዎቹ ባለ ዜማ ሰዓቶች ላይ አንዲት አትጠፋም። የእኛዋ ሦስት ቦታ አላት፣ ላይ፣ መሃልና ታች። ከጎኗ የነበረውን ጽሑፍ እናቴ ለሃያ ስምንት ዓመት በየፋሲካው ነሐሱን ስታሽ አጥፍታዋለች። አንዷ ቦታ ድምፅ መዝጊያ እንደሆነች አውቅ ነበር። ብርድ ልብሱ ሲጠቀለል ወይም ሲፈታ ነክቷት ኖሮ ወደ መዝጊያው ጠርዝ ተንሸራታለች። አዲስ አበባ ሳለች መሃል እንደነበረች ትዝ ስላለኝ ወደ መሃል መለስኳት።

መልሳችሁ ወዲያው ካልደወለ አትደንግጡ። እንዲህ ያሉት ሰዓቶች ዜማቸው ከጠቋሚው ጋር ሲዛነፍ ራሳቸውን ያርማሉ፤ ሲያርሙ ሙሉ ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ሩቦቹን ዝም ብለው ሊያልፉ ይችላሉ። ሁለት ሰዓት ስጧቸው። እኔ አሥር ደቂቃ ጠብቄ ልፈታው ካቻቪቴ አንስቼ ነበር፤ አባቴ ናቸው «ተው እንጂ፣ ታጋሽ ሁን» ብለው ያስቆሙኝ።

ሰዓት ሲሞላ ውስጡ ተንቀሳቀሰ። መዘውሩ ሲሽከረከር ይሰማል፣ የቀኙ ክብደት ወረደ፣ መዶሻዎቹ ተነሡ፣ ወደቁ። ዜማው ግን የለም። «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» ብቻ፤ በጥፍር ጣውላ የሚመታ ነው የሚመስለው።

የጀርባውን መዝጊያ ከፈትኩ። መዶሻዎቹ የሚመቱት ከላይ በከባድ የብረት ጉልት ላይ የተተከሉ፣ ወደ ታች የተንጠለጠሉ ቀጫጭን የነሐስ ዘንጎችን ነው። በእኛ ሰዓት ዜማውን የሚመቱት አራት ናቸው፤ ሌሎች አራት ደግሞ ሰዓት ሲቆጠር አንድ ላይ ይወድቃሉ። እኔ በነጠላ ቅዳጅ ያሰርኳቸው መዶሻዎች ሽቧቸው ጎብጦ አምስቱ ዘንጋቸው ላይ ተደግፈው ተኝተዋል፤ አንደኛው ደግሞ ዘንጉን ስቶ ወደ ጎን ይመታል።

እዚህ ላይ አባቴ የተናገሩት ነገር ከማንኛውም መመሪያ በላይ አስረድቶኛል። ጣና ገዳማት ላይ በገመድ ተንጠልጥለው የሚመቱትን የድንጋይ ደወሎች ያውቋቸዋል። «ድንጋዩን ከመታኸው በኋላ እጅህን እላዩ ላይ ብትተወው ይጮሃል?» አሉኝ። አይጮህም። መዶሻም እንደዚያው ነው፤ መትቶ ወዲያው መለየት አለበት። በእረፍቱ ጊዜ በመዶሻው ጫፍና በዘንጉ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ከዚያ ከጠበበ መዶሻው ዘንጉ ላይ ያርፍና ድምፁን ያፍነዋል፤ ከሰፋ ደግሞ አይደርስም ወይም ይሳሳል።

ሲስተካከል የሚታጠፈው የመዶሻው ሽቦ ነው፤ ዘንጉ ፈጽሞ አይነካም። የዘንጉ ሥር ከጉልቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በጣም ቀጭን ስለሆነ ቀስ ብሎ ላጥፍህ ሲሉት እንኳ ይሰበራል፤ ከተሰበረ ደግሞ መለዋወጫውን ፈልጎ ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። በአንድ እጄ የሽቦውን ሥር ይዤ በሌላው ጫፉን በጥቂት በጥቂቱ እየገፋሁ፣ ክፍተቱን ለመለካት የካርቶን ቁራጭ እያስገባሁ ሠራሁ። አንዱን መዶሻ ባስተካከልኩ ቁጥር በጣቴ አንስቼ እለቀዋለሁ፤ አባቴ ከወንበራቸው ሆነው «አፍኖታል» ወይም «ተለቀቀ» ይሉኛል። ስምንቱን ለመጨረስ ከሰዓት በኋላው በሙሉ አለቀ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሥራ ስድስቱን ኖታ ሲያወርደው እናቴ ከጓዳ እልል አለች።

(ዜማው ራሱ በ1793 እ.ኤ.አ. ኬምብሪጅ ውስጥ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ደወል የተዘጋጀ ሲሆን ኋላ ለንደን ዌስትሚኒስተር ሲገባ ስሙን ከዚያ አገኘ። ለሩብ አራት ኖታ፣ ለግማሽ ስምንት፣ ለሩብ ጉዳይ አሥራ ሁለት፣ ለሙሉ አሥራ ስድስት ነው። እየቆጠራችሁ ካዳመጣችሁ የትኛው መዶሻ እንደጎደለ በጆሮ ታውቃላችሁ።)

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

በሳምንቱ አባቴ ታናሽ ወንድሜን ጠርተው፣ «ሃያ ስምንት ዓመት የኖረ እንግዳ አይባልም፤ እኔም መቀነስ ሰለቸኝ። በአገራችን ይቁጠርልኝ» አሉት። ወንድሜ የደቂቃ ጠቋሚውን በየሩቡ እያቆመ፣ ዜማውን እያስጨረሰ፣ ወደፊት ስድስት ዙር አዞረው። አሠራሩ ትክክል ነው፤ ወደ ኋላ አለማዞሩ፣ በየሩቡም ማስጨረሱ ደግ አድርጓል። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ስድስት ጊዜ መታ። ቤቱ በደስታ ሞላ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ጸጥ አለ። አሥራ አንድም ጸጥ። ማታ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ጸጥ። መዶሻዎቹን አየሁ፤ ክፍተታቸው ደህና ነው። መቀየሪያዋ መሃል ላይ ናት። ጠዋት ስነሣ ደግሞ ያዜማል! ማታ ከሥራ ስመለስ ጸጥ። እናቴ፣ «ሌሊትማ ሲያንጎራጉር ነው ያደረው» ስትል የቤተ ክርስቲያን ደወል መስሏት ነው ብዬ አላመንኳትም። እናቴን ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

በሦስተኛው ቀን የልብስ ልኬት የምይዝበትን ደብተር ይዤ ሳሎን ፍራሽ አነጠፍኩ። በየሰዓቱ ደወለ፣ አልደወለም እያልኩ ጻፍኩ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ ያለው ገጽ ሁሉ «አልደወለም» ነው። እንቅልፍ እያዳፋኝ ሳለ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ጆሮዬ ሥር አራቱን ኖታ ለቀቀው። ከዚያ እስኪነጋ አላረፈም።

ጠዋት ደብተሩን ቆጠርኩ። ዝምታው ዘጠኝ ሰዓት ያህል ነው። ባለፉት ቀናትም ማታ ማታ ጸጥ፣ ጠዋት ጠዋት ዜማ ነበር። ብልሽት እንዲህ ሰዓት አክባሪ አይሆንም። አባቴን፣ «አዲስ አበባ ሳለን ሌሊት ይደውል ነበር እንዴ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «የለም። ከምሽቱ አራት ገደማ ያርፋል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ካለፈ ነው የሚጀምር» አሉ።

ከአራት እስከ አንድ፣ ዘጠኝ ሰዓት!

ለካ የመቀየሪያዋ መሃለኛ ቦታ «ሌሊት ዝም በል» ማለት ኖሯል። ሰዓቱ ውስጥ በሃያ አራት ሰዓት አንዴ የሚዞር መዘውር አለ፤ ሌሊቱን የሚያውቀው በእሱ ነው። ፈረንጅ በሠራለት አቆጣጠር ጠቋሚው አሥር ላይ ሲደርስ መሽቷል፣ ሰባት ላይ ሲደርስ ነግቷል። እኛ ደግሞ ጠቋሚውን ስድስት ሰዓት ስናስቀድመው የእኛ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት የእሱ የመኝታ ሰዓት ሆነ። ምንም አልተሰበረም፤ ሰዓቱ የታዘዘውን ሌሊት በእኛ ቀን ላይ ጠብቆ ይተኛል።

ሰዓታችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ሆኖ ቀን ቀን ዝም ካለና ሌሊት ከደወለ መፍትሔው ቀላል ነው። የደቂቃ ጠቋሚውን ወደፊት አሥራ ሁለት ዙር፣ በየሩቡ እያስጨረሳችሁ አዙሩት፤ ቀንና ሌሊቱ ቦታቸውን ይለዋወጣሉ። በእኛ አቆጣጠር ለሚጠቀም ግን አሥራ ሁለት ዙሩም አያድነውም። ዝምታው ከሌሊቱ አሥር እስከ ቀኑ ሰባት ይሆናል፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው።

ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንዱ፣ ስድስት ዙር ያለፈውን ወደ ፈረንጁ መልሶ የሰዓት ጠቋሚውን ብቻ በእጅ ስድስት ቁጥር ማሻገር ነው። ይህ ጠቋሚ የተያዘው በጥብቀት እንጂ በጥርስ ስላልሆነ ለብቻው ይዞራል። (ሰዓታችሁ ሦስትን እያሳየ አምስት ጊዜ ከመታም የምታስተካክሉት እንዲሁ ነው፤ የሰዓት ጠቋሚውን ወደመታው ቁጥር ማምጣት ብቻ ነው።) ያኔ ሰዓቱ በዓይን የእኛን ያሳያል፣ ሌሊትም በልኩ ይተኛል፤ ሲቆጥር ግን የፈረንጁን ይቆጥራል። ሁለተኛው፣ ቆጠራውን በእኛ አድርጎ የሌሊት ዝምታውን ጨርሶ መተው ነው።

እናቴ የመጀመሪያውን መረጠች። እንቅልፏ ቀላል ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ በቀን ዜማውን ሳይጨምር 156 ጊዜ ይመታል። ትክክል ናት። ግን ዓይን የሌለው ሰው ቤት ውስጥ ጠቋሚው ልክ ሆኖ ቆጠራው ቢሳሳት ምን ይፈይዳል? ሁለተኛውን ያዝን። መቀየሪያዋን ሁልጊዜ ወደሚያስደውለው ቦታ ወሰድናት፤ ማታ አራት ሰዓት ላይ ታናሽ እኅቴ ወደ መዝጊያው ታወርዳታለች፣ ጠዋት ለትምህርት ቤት ስትነሣ ትመልሳታለች።

ከዜማው ጋር ባይገናኝም አንድ ነገር ልጨምር። ከአውሮፓ የመጣ ባለ ፔንዱለም ሰዓት እኛ ደጋ ላይ ሲቆም በቀን ከሁለት ደቂቃ በላይ ሊዘገይ ይችላል፤ ወደ ምድር ወገብ ስንቀርብና ከፍ ስንል ስበት ስለሚቀንስ ነው። በ1672 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ የፓሪስ ሰዓቱን ደቡብ አሜሪካ ወዳለችው «ካየን» ከተማ ወስዶ ይህንኑ አይቷል። ፔንዱለሙ ግርጌ ያለችውን ብሎን ወደ ላይ እያጠበቃችሁ በቀናት ውስጥ ታስተካክሉታላችሁ። የእኛው ሰዓት ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ በመምጣቱ ግን ያመጣው ለውጥ የለም፤ የሁለቱ ከፍታ ተቀራራቢ ነው።

እኅቴ አልፎ አልፎ ትረሳለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ሌሊት ረስታ ተኛች፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዜማውን ጨርሶ መምታት ሲጀምር እናቴ ስታጉረመርም ሰማኋት። ዘጠነኛው ሲያርፍ ከአባቴ መኝታ በኩል በጨለማው ውስጥ ድምፅ መጣ፦ «ልክ ነው።»